ያልጨረስነው ፊልም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚጮኸው ጉልበትሽ ዘንድሮስ ዝም አለልሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዐይኗን ከታከመች ወዲህ የሰው ፊት ትለያለች ወይስ አሁንም የምታውቃችሁ በድምፃችሁ ነው? ባልሽ ጋሼስ ወገቡን እንዴት አደረገው? አሁንም ጎማ ብቻውን ያነሳል? ልጆቹስ አደጉ? ትልቋ ከእኔ በቁመት ልትበልጥ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ንገሪያት፣ የእኔን ቁመት የሚመኝ ሰው ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ተከራይቶ አያውቅም። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። አካሌ ሙሉ ነው፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆታችሁ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሥራ ላይ ስሆን ይረሳል፣ ጋደም ስል ይነሳል።

እማዬ ደብዳቤ መጣ ሲሏት ወንበሯን አስጠግታ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። እስከዚህ ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ከዚህ በታች ያለውን ግን «ስለ ሥራዋ ነው የምትዘበዝበው» በያትና እጠፊው፤ በኋላ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ስለ ዝናቡ አወራሁልሽ። አንቺም «ምነው ዛሬ ስለ ዝናብ አበዛሽ?» አልሽኝ። ዝናቡ ሰበብ ነበር እትዬ። ፈርቼ ነው። አሁንም ስጽፍልሽ ወንበሬን በሩ ላይ አስደግፌ ነው የተቀመጥኩት።

እንደምታውቂው ሥራዬ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ የመጣውን ሰው በእጅ ባትሪ እየመራሁ ወንበሩ ላይ አደርሳለሁ፤ በፊልም መሀል ስልክ የሚያወራውን ትከሻውን ነካ አደርጋለሁ፤ ሲያልቅ በሮቹን እከፍታለሁ። ጨረቃ የምንለው ፊልም አጫዋች አለን። ራሱ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን ፀጉር የለም፤ ከማጫወቻ ክፍሉ መስኮት ብቅ ሲል በእውነትም ጨረቃ የወጣች ነው የሚመስለው። በር ላይ ደግሞ ሻምበል አለ። ወታደር ቤት ደጃፍ ደርሶ አያውቅም፤ ደረቱን ነፍቶ ስለሚቆም ብቻ ማዕረጉን እኛ ሰጠነው።

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጃችን አንድ ፊልም አመጣ። ስለ ቅዱስ ዮሴፍ ነው፣ ስለ አናጢው። እመቤታችንን ከጠበቀ፣ ልጁንም እንጨት መላግ ካስተማረ በኋላ፣ አርጅቶና ታሞ እንዴት እንደሞተ የሚያሳይ ነው። ወንጌሉ ስለ አሟሟቱ ምንም አይልም። ካቴኪስታችን፣ ያ ሃይማኖት ያስተማረን መምህር፣ ግን በጌታና በእመቤታችን እጅ ላይ በሰላም ያረፈ፣ የመልካም ሞት ጠባቂ እያለ ነበር ያስተማረን፤ መቼም አትረሺውም። ይኼ ፊልም በሰላም አላረፈም ይላል ተባለ። ልጁን አድነኝ እያለ ሲለምን ልጁ ዝም ይለዋል አሉ። አንዱ «ጌታን ጨካኝ አድርገው ሠሩት» ይላል፤ ሌላው «አቅመ ቢስ አድርገው ነው እንጂ» ይላል፤ ፊልሙን ያየ ሰው ግን አንድም አልነበረም። ያልታየ ነገር ሲወራ ደግሞ ጅራት ያበቅላል። በየቁምስናው ምእመናን እንዳያዩት በቅዳሴ ላይ ተነገረ። ያ ባይነገር ኖሮ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ወንበሮቻችን ባዶ በዋሉ ነበር።

እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሰው ስለ ሃይማኖቴ ሲጠይቀኝ «ካቶሊክ ነበርኩ» ነው የምለው፤ ድሮ የምኖርበትን ሰፈር እንደምናገር። አባዬ ሲታመም የያዝነውን የዘጠኝ ቀን ጸሎት ታስታውሺያለሽ። ሁላችንም በጉልበታችን፣ እማዬ ከፊት፣ አንቺ መቁጠሪያውን ይዘሽ እየመራሽን። ጸሎቱ አለቀ፤ አባዬም አለቀ። ከዚያ በኋላ ከእናንተ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፣ ከንፈሬ ግን አይንቀሳቀስም ነበር። አንቺ አይተሻል፤ አይተሽም ዝም አልሽኝ፣ ለዚያም ዕድሜ ይስጥሽ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህማ መሄዱንም ተውኩት። ስለዚህ ፊልሙ ለእኔ ምን ይሆነኛል ብዬ ነበር። ጎረቤቶች ድሮ ለቅቄ በወጣሁት ቤት የሚጣሉ መሰለኝ።

ፍርሃቱ የጀመረው በወረቀት ነው። ጠዋት ስንመጣ በሩ ላይ «እሳት ይወርድባችኋል» የሚል ተለጥፎ አገኘን። ሻምበል ቀደደው፤ በማግስቱ ተመልሶ ተለጠፈ። ቀጥሎ ቲኬት ቆራጯ ጋ ስልክ ተደወለ። የወንድ ድምፅ ነው፣ አይጮኽም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ «ያቺ ባትሪ የምትይዘዋ ረጅም ሴት በየት በኩል ወደ ቤቷ እንደምትሄድ እናውቃለን፤ ንገሪያት» ብሎ ዘጋው አለች። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጦ እኔን ለምን አለ? ቁመቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት።

ከዚያ ወዲህ መንገዴን ቀየርኩ። በገበያው ዞሬ፣ በጫማ ጠጋኞቹ አልፌ፣ ሰው በበዛበት በበዛበት እሄዳለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ከኋላዬ መጣ። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቆም የሚቆም ይመስለኛል። ፋርማሲ አየሁና ዘው ብዬ ገባሁ፤ ምን ልርዳሽ ስባል «ራስ ምታት» አልኩ። ሰውዬው ተከትሎኝ ገባ። መደርደሪያውን ይዤ ዐይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሳል ሽሮፕ አለ? ልጄ ስትስል አደረች» አለ። ወጥቼ ከሳቅና ከለቅሶ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም ነበር። የፈራ ሰው ጥላውም ጠላቱ ነው።

የቤቴ ነገር ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው። አከራዬን በስም አንጠራትም፤ እኛ ተከራዮቹ በሌለችበት እማማ ጸጥታ ነው የምንላት። ግቢ ውስጥ ድስት ቢወድቅ፣ ሕፃን ቢያለቅስ፣ ሬዲዮ ከፍ ቢል ከመስኮቷ «ጸጥታ!» ትላለች። ካቶሊክ ናት፤ የጠዋት ቅዳሴ አያመልጣትም። ቤቱን ስከራይ የት እንደምሠራ ጠይቃኝ «አዳራሽ ውስጥ» አልኳት፤ የስብሰባ አዳራሽ መሰላት፣ እኔም አላረምኳትም። በዚያ ሰሞን ሴቶች ሰብስባ ሳሎኗ ውስጥ ስለ ፊልሙ ሲመክሩ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። «እሑድ ሄደን በሩ ላይ ተንበርክከን እንጸልያለን፤ ድንጋይ የለም፣ ስድብ የለም» ትላቸዋለች። እኔ ግድግዳው ጋ እንደ ሌባ ትንፋሼን ውጬ።

ለምን አልቀረሽም ትዪኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን «እሑድ የቀረ ሰው፣ ሰኞም አይምጣ» አለን። እውነቱን ካልሁሽ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። የዚያን አናጢ ነገር ሆዴ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ልጁ ምን ይለው ይሆን እያልኩ ሳህን ሳጥብ ራሱ አስበው ነበር። ይኼንን ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ከሰዓት ሆነ። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ማሳያ ነው። ወደ መግቢያው በሚያስገባው የጎን በር ገባሁ። በመግቢያው መስታወት ስመለከት ሴቶቹ እግረኛ መንገዱ ላይ ተንበርክከዋል፤ አንድም ድምፅ የለም፣ መቁጠሪያው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከእነሱ ኋላ ግን ሌሎች ነበሩ። ጎረምሶች፣ ፊታቸውን በሻርፕ የሸፈኑ፣ የሚጮኹ። እነዚያ መቁጠሪያ አልያዙም። ሥራ አስኪያጁ ሰው በኋላ በኩል እንዳይገባ ብሎ የኋላውን መውጫ ከውጭ በሰንሰለት አስቆልፎት ነበር። እኔ ይኼን አላወቅሁም። ሻምበል ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጥቶ ቆሟል።

አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር። ተማሪዎች፣ ባልና ሚስቶች፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ። እሳቸውን ራሴ ነኝ እጃቸውን ይዤ ያስቀመጥኳቸው። «ልጄ፣ የሚያስቀጣን ከሆነ መጀመሪያ እናየውና እንቀጣለን» ብለው አሳቁኝ። መብራት ጠፋ፤ ጨረቃ አስጀመረው።

እትዬ፣ ክፉ ፊልም አልነበረም። ይኼን ማንም ቢሰማኝ አልልም፤ ለአንቺ ግን እላለሁ። አናጢው አሮጌ መጋዙን ሲስል፣ ልጁን «እንጨት ሲቆጣ ወደ ጎን ሂድለት» ሲለው፣ እመቤታችን አጥር ላይ ልብስ ስታሰጣ። ኋላ ግድግዳው ሥር ቆሜ እግሬ እስኪደነዝዝ አየሁ። ከዚያ አናጢው ታመመ። ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል፤ ደረቱ ይጮኻል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የአባዬ ድምፅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ሽታውን የዋጠው የዚያ ደረት ድምፅ፣ እኔና አንቺ ከግድግዳው ወዲህ ተቃቅፈን የምንሰማው። ከየት አገኙት?

አናጢው የልጁን እጅ ያዘና «ማን እንደሆንክ እናትህ ነግራኛለች፤ አንድ ቃል ይበቃኛል» አለው። ልጁ ያየዋል። ፊቱ ሸራውን ሞልቶታል፤ ዐይኑ እንባ ሞልቷል። አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት የመግቢያው መስታወት ተሰበረ።

መጀመሪያ የፊልሙ ድምፅ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ሌላ መስታወት፣ ቀጥሎ የሰው ጩኸት። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ቤንዚን የነካው ጨርቅ ሲቃጠል የሚሸተው። ጎረምሶቹ መግቢያው ላይ እሳት ወርውረው ምንጣፉና የተሰቀሉት ፖስተሮች ተያይዘው ነበር። ጭሱ በመጋረጃው ሥር እንደ ድመት ሾልኮ ገባ። ጨረቃ ከላይ «ውጡ! ውጡ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ተቋረጠና ሁሉም ነገር ጨለመ። ያ ፊት ከነተከፈተ አፉ ጠፋ።

ጨለማ ውስጥ ሰው ሲራወጥ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ወንበር ይሰበራል፣ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል፣ ሁሉም የሚወደውን ሰው ስም ይጠራል። ባትሪዬን ከፍ አድርጌ «በዚህ! በኋላ በር!» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ሽማግሌውን በክንዳቸው ይዤ ስጎትት ሌላው ልብሴን ይዞ ተከተለኝ። በሩ ጋ ደረስን። ገፋሁት። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ገፋሁት፤ ከውጭ ሰንሰለት ተንኳኳ። እትዬ፣ ያ የብረት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው ከኋላዬ እየገፋ በሩ ላይ አጣበቀኝ። ጭሱ ጉሮሮዬ ገባ። ሽማግሌው «ተቆልፏል እንዴ ልጄ?» አሉኝ፣ የቤት በር የሚጠይቁ ይመስል። አለቀ፣ እዚሁ ቀረሁ አልኩ በሆዴ።

የዚያን ጊዜ ፍርሃቴ ሞትን ብቻ አልነበረም። ከሞትኩ የማን ሆኜ ነው የምሞተው የሚል ነገር መጣብኝ። ከእናንተ ወጥቻለሁ፤ ወዴት እንደገባሁ ደግሞ አላውቅም። ሜዳ ላይ የቀረሁ መሰለኝ። በሩን በጡጫ እየደበደብኩ አፌ ብቻውን ተከፈተና «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» አልኩ። እኔ አላልኩትም፣ አፌ ነው ያለው። እምነት ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ የሚሰምጥ ሰው እንጨት እንደሚይዘው ነው። ግን ጮክ ብዬ ነበር፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ እንደ እብድ እየደጋገምኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ተቀበለኝ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሽማግሌው ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆኑ እንኳን አላውቅም፤ እሳቸውም «አሜን፣ አሜን» ይሉ ነበር። «አሁንም በምንሞትበትም ሰዓት» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።

ከበሩ ማዶ አንዲት ሴት ጮኸች። «ዝም በሉ! ጸጥታ! ውስጥ ሰው ይጸልያል!» አለች። ያን «ጸጥታ» ሞቼ ከመቃብር ብወጣ እለየዋለሁ። አከራዬ ናት። ድንጋይ መወርወር ሲጀመር ሴቶቹ ሸሽተው በሲኒማ ቤቱ ጀርባ ያለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብተው ኖሯል። በኋላ እንደሰማሁት ሻምበልም ከቆሻሻ በርሜሉ ኋላ ተጎልቶ ነበር። ኮሌታውን ይዛ አስነሳችው። ቁልፉ አልገባለት አለ፤ ቀምታ ራሷ ከፈተችው። በሩ ሲከፈት ሁላችንም እንደ ተደፋ እህል ወጣን።

የሞተ ሰው የለም፤ ይኼን ቶሎ ልንገርሽ። እጃቸው የተቃጠለ ነበሩ፣ አንዲት ተማሪ እግሯ ተሰብሯል፣ ሽማግሌው ግን ከዘራቸውን ብቻ ነው ያጡት። ጨረቃም በጣሪያው በኩል ወርዶ ተረፈ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ስስል አከራዬ መጣችና በሻርፗ ፊቴን ጠረገችው። ጥቀርሻው ሲለቅ ማን እንደሆንኩ ለየች። ከዚያ ዐይኗ ወደ ደንብ ልብሴ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ባትሪዬ። ሻርፗን ቀስ ብላ አነሳች። «አዳራሽ ያልሽኝ ይኼ ነው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ቤት እንነጋገራለን» ብላ ሄደች።

በዚያን ዕለት አልጠራችኝም። በማግስቱም ጠዋት አልጠራችኝም። በመስኮት ስታልፍ አያታለሁ፤ ቀና አትልም። ግቢው ውስጥ ድስት ወደቀ፣ «ጸጥታ» አላለችም፤ ያ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ አጠፍኩ። የት እሄዳለሁ? ሲኒማ ቤቱ ተዘግቷል፣ ያ ስልክ የደወለ ሰው አልተያዘም፣ ቁመቴ እንደሁ አይደበቅ። ከሰዓት በኋላ አንኳኳችና «ነይ» አለችኝ። እንደ ተከሳሽ ተከተልኳት።

ሳሎኗ ውስጥ አስቀመጠችኝ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩን ዞር ብላ አየችው፣ ሰው እንዳይሰማት። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? በሹክሹክታ «ሰውዬው ሞተ?» አለችኝ። አልገባኝም፤ «ማነው ሰውዬው?» አልኳት። «አናጢው። ልጁ ምን አለው?» አለች። እንዳልጨረስነው ነገርኳት። የት ላይ እንደተቋረጠ ጠየቀችኝ። «አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መስታወቱ ተሰበረ» አልኳት። ወደ እኔ ጎንበስ አለችና «ከፈተ ነው ወይስ የከፈተ መሰለሽ?» አለችኝ። «ከፈተ» አልኩ።

ኋላ ነገረችኝ። ልጅ ነበራት፣ አንድ ልጅ፤ ጎልማሳ ሆኖ ነው የታመመባት። ያልተሳለችበት የለም። ማታ ማታ አልጋው ሥር ተንበርክካ ስትጸልይ ልጁ «እማዬ፣ ምን አለሽ?» ይላታል አለች። እግዚአብሔር ምን መለሰልሽ ማለቱ ነው። እሷም «ትድናለህ ብሎኛል» ትለዋለች። አላለኝም ነበር አለች። «ምንም አላለኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። እዚያ ደጃፍ የተንበረከክሁት ፊልሙን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ያን ዝምታ በአደባባይ ሰው ሁሉ እንዲያየው ስለፈራሁ ነው» አለችኝ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እትዬ፣ ያቺ የምንፈራት ሴት እጄን ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ለቅሶው ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂልኝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «ደንብ ልብስሽን እጠቢው፣ ግቢው ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል» ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ «የጠየቅኩሽን ለሴቶቹ እንዳትናገሪ» አለችኝ። ለአንቺ ብቻ ነው የተናገርኩት።

ትናንት ጨረቃ ቦርሳዬን ከፍርስራሹ ፈልጎ አመጣልኝ። ፊልሙን መልሰው ወስደውታል፤ እዚህ ከተማ ዳግመኛ አይታይም አለ። እሱ ግን ከማሳየቱ በፊት ሲሞክረው እስከ መጨረሻው አይቶታል። ሻይ ሰጥቼው ሲጨርስ «መጨረሻውን ልንገርሽ?» አለኝ። አፌ ውስጥ እሺ የሚለው ቃል ደርሶ ነበር። «ተው፣ አትንገረኝ» አልኩት። ገርሞት ሄደ። እኔም ገርሞኛል። ከሄደ በኋላ ተቀምጬ ሳስበው የገባኝ እንዲህ ነው። የፊልም ሠሪው የጻፈውን ቃል ብሰማ ምን ይጠቅመኛል? እኔ የምፈልገው የሌላ ክፍል ነገር ነው።

እትዬ፣ አባዬ ያረፈ ዕለት ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እማዬ ካህኑን ልትጠራ ሄዳ ነበር፤ እኔን ውሃ ቅጂ ብለሽ ላክሽኝ። ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ከዚያ ከፍተሽ ወጣሽና «እንደ ሕፃን ተኛ» አልሽኝ። እማዬም ስትመጣ ያንኑ አልሻት። ለለቀስተኛውም ያንኑ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ግን ከንፈርሽ ነጭ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ከዚያን ዕለት ወዲህ አንቺ ጸሎት አላቋረጥሽም፣ እኔ አቋረጥሁ፤ የዚያን ክፍል ነገር ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ምን አለ? ለመነ ወይ? የለመነው አንቺን ነው ወይስ እግዚአብሔርን? አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽለት?

መልስሽን እፈራለሁ። ከዚያ እሳት በላይ እፈራዋለሁ ብልሽ ማጋነን እንዳይመስልሽ። በሰላም ከሞተም እፈራለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ተቀይሜ ኖሬያለሁ ማለት ነውና። እየለመነ ከሞተ ደግሞ ያንን ብቻሽን ተሸክመሽ በየእሑዱ ስትዘምሪ ኖረሻል ማለት ነው፤ እሱን ሳስበው ሆዴ ይባባል። እንደ ሕፃን ተኛ የሚለውን አትጻፊልኝ። እውነት እሱ ከሆነም በሌላ ቃል ጻፊልኝ። ቁርጡን ንገሪኝ፤ የመጣው ይምጣ። ብቻሽን ከያዝሽው ለሁለት እንያዘው።

አከራዬ የፊታችን እሑድ «አብረን ወደ ቅዳሴ እንሂድ፤ ሁለት ሆነን ስንሄድ ማንም አይነካሽም» ብላኛለች። እሺም እምቢም አላልኳትም። ብሄድ ምን ሆኜ እንደምሄድ አላውቅም። በሩ ላይ ያ ስልክ የደወለው ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከጎኔ ተቀምጦ ሰላም ለአንቺ ይሁን ብሎ ሊጨብጠኝ ይችላል። ሥራም እየፈለግሁ ነው፤ ብርሃን ያለበት ሥራ። እናንተ ጋ ልመለስ ወይ ብዬም አስቤያለሁ። መጀመሪያ ግን ከአንቺ ወረቀት ይምጣልኝ።

እማዬን ሁለቱንም ዐይኖቿን ሳሚልኝ፤ ደህና ናት፣ ትስቃለች፣ ትበላለች በያት። ጋሼን ጎማውን ብቻህን አታንሳ ብላሃለች በይልኝ። ትልቋን፣ ቁመቷ ከማንም አያሳንሳትም፤ መሀከለኛውን፣ ኳሱን ከጎረቤት መስኮት ያርቅ፤ ትንሿን ጉንጯን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ። አክስታችንንም፣ ጆሮዋ እንዲሰማ ጠጋ ብለሽ፣ ናፍቀሻታል በያት። የቁምስናውን አባ ሰላም በይልኝ። ስለዚያ ፊልም ከጠየቁሽ አላየችውም ብለሽ አትዋሺልኝ፤ ግማሹን አይታለች፣ የቀረውን ከእኔ ነው የምትጠብቀው በያቸው።

ታናሽ እህትሽ፣ ሸምበቆ

ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለችው የኪራይ ክፍሌ፣
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን